አባ ጎልቻን ያቋረጥኩበት ቀን

ኮሌጅ የምማረው ሥነ ጽሑፍ፣ ሃይማኖትና ታሪክ አንድ ላይ ነው። ይህን ሞያሌ ውስጥ ለሰው ማስረዳት አድካሚ ነው። ከእናቴ ከዙሌይካ ሱቅ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጠው መሐዲ፣ ከናይሮቢ በመጣሁ ቁጥር «ኢክራን፣ ስትጨርሺ ሼክ ነው የምትሆኚው ወይስ ዘፋኝ?» ይለኛል። «አስተማሪ» ስለው፣ «ለእሱማ አንዱ ይበቃሽ ነበር» ይላል።

የመጨረሻ ዓመት ጽሑፌን በቃል ታሪክ ላይ የሠራሁት በእናቴ ምክንያት ነው። እናቴ የስድስት ወር ልጅ ሳለች፣ በድርቅ ጊዜ፣ ቤተሰቡ ከኡራን ወደ ሞያሌ በእግር ሲመጣ እናቷ ሃጂራ መንገድ ላይ ሞተች። የቀበሯት አያቴ አብዱብና ጓደኛቸው አባ ጎልቻ ናቸው። አያቴ ስለዚያ ጉዞ አንድም ቀን አላወሩም። እሳቸው በሕይወት እያሉ ጓደኛቸውን መጠየቅ ደግሞ ነውር ነበር። አምና ሲሞቱ እናቴ፣ «አሁን ጠይቂልኝ። መቃብሯ ላይ ቆሜ ዱዓ ላድርግ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለችኝ።

ነሐሴ ላይ በቦዳቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ አባ ጎልቻ ወደሚኖሩበት ወደ ጎዶማ መንደር ሄድኩ። እሳቸው ከቤታቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ደክሟል። የስልኬን ድምፅ መቅጃ ከፍቼ ፊታቸው አስቀመጥኩት።

ከኡራን ጀመሩ። ማን ቀድሞ እንደተነሣ፣ የትኛዋ ግመል እምቢ እንዳለች፣ ሁሉንም። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲያወራ ሰሚው በየዐረፍተ ነገሩ «እ» እያለ ይቀበላል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። መምህሬ ግን «ቅጂው ላይ የራስሽ ድምፅ እንዳይሰማ» ብሎኝ ስለነበር ዝም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። እሳቸው መነቅነቄን አያዩም።

«አለሽ?» ይሉኛል በየመሐሉ።

«አለሁ፣ አባ።»

በሁለት ሰዓት ውስጥ አምስት ማደሪያ ተጓዝን፤ የግራሩ ጉድጓድ፣ ጊደሯ የወደቀችበት፣ ነጩ ድንጋይ፣ ጨው ውሃ፣ አህያው የጠፋበት። አምስተኛው ላይ አህያውን የፈለጉበትን ሁለት ቀን አንድ በአንድ መተረክ ያዙ። ቦዳቦዳው ደጅ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ በማግስቱም የናይሮቢ አውቶቡስ አለብኝ።

«አባ፣ አህያውን እንለፈው። ሃጂራን የት ነው የቀበራችኋት?»

«እደርስበታለሁ።»

«ቦታውን ብቻ ይንገሩኝ።»

«ቦታው ለብቻው የለም» አሉ። «እግሬ ነው የሚያውቀው። ከውሃ ወደ ውሃ ካልሄድኩ አልደርስበትም።» ከዚያ ወደ ምራታቸው ወደ ቦንቱ ዞሩ። «ይቺ ልጅ እዚህ የለችም። ለዕቃ ነው ያወራሁት። ትሂድ፤ ሲመቻት ትምጣ።»

ታኅሣሥ ላይ እመለሳለሁ ብዬ ሄድኩ። ለእናቴም «ግማሹን ነግረውኛል» አልኳት። ጽሑፌን በአምስቱ ማደሪያዎች ጻፍኩት። መምህሬ ትረካው መቃብሩ ጋ ሳይደርስ መቆሙን «ብልህ ምርጫ» ብሎ ከፍተኛ ነጥብ ሰጠኝ። አላረምኩትም።

ኅዳር ላይ አባ ጎልቻ ታመው ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆነ፤ አንደበታቸውም ተዘጋ።

ታኅሣሥ ላይ ከእናቴ ጋር ሄድን። አባ ጎልቻ ተጋድመው ነበር። እናቴ ሻሿን አስተካክላ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። እኔም ቅጂውን እንደ ትምህርት በቃሌ አጥንቼው ነበርና፣ ሌላ ዘዴ ስላልነበረኝ የእሳቸውን ጉዞ መልሼ ለእሳቸው መተረክ ጀመርኩ።

«ከኡራን ተነሥታችሁ የግራሩ ጉድጓድ አደራችሁ።»

«ህም» አሉ።

«ቀጥሎ ጊደሯ የወደቀችበት።»

«ህም።»

እናቴ ክንዴን ጨመቀችው። አምስተኛው ላይ ስደርስ አለቀብኝ። ቦንቱ ከበሩ ሆና፣ «ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ኮረብታ አለ፤ ከብት እናግድበታለን» አለች።

«አባ፣ ሃጂራን የቀበራችኋት ሁለቱ ኮረብታ ነው?»

«ህም።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች እናቴ። እንባዋ ወረደ። «ቦንቱ፣ መኪና ይደርሳል? ነገ እንሂድ። መሐዲም ይምጣ።» ተቀምጣ እንዳለች እጆቿን ለዱዓ ዘረጋች።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን አንድ ምንጭ ብቻውን አይታመንም ተብዬ ሦስት ዓመት ተምሬአለሁ፤ ድምፃቸውም ለሁሉም አንድ ዓይነት መሆኑ ከከነከነኝ ቆይቷል።

«አባ ጎልቻ» አልኩ፣ «ሃጂራን የቀበራችኋት ናይሮቢ ነው?»

«ህም» አሉ። ያው ድምፅ ነው።

ቦንቱ አንገቷን ደፋች። የእናቴ እጆች እንደተዘረጉ ትንሽ ቆዩ፣ ከዚያ ጭኗ ላይ አረፉ።

«ይሄን» አለችኝ፣ «ማን ጠይቂ አለሽ?»