የሁለት ማልያ ቅዳሜ

ቅዳሜ ዕለት ሰሊና የምትጫወትባቸው የትምህርት ቤቱና የክለቡ ቡድኖች በተመሳሳይ ሰዓት ጨዋታ ነበራቸው። እሷ ክለቡን መረጠች፤ የኮሌጅ አሠልጣኞች ተጫዋች ለማየት የሚመጡት እዚያ ነው። ለትምህርት ቤቱ አሠልጣኝ ግን፣ «አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ ሞተች» አለችው።

አሌክሳንድሪያ ከተማ ሄዳ ሁለት ጎል አግብታ ወደሚኖሩበት ሲልቨር ስፕሪንግ ስትመለስ፣ የአፓርታማቸው በር ላይ ጫማ ተደርድሯል። ከውስጥ እናቷ ሸዋዓለም ትጮኻለች።

«እህቴን! ኧረ እህቴን!»

የትምህርት ቤቱ ቡድን ጓደኛዋ ነጃት ከአሠልጣኙ የሰማችውን ለራሷ እናት ነግራ ነበር። እናትየዋም ጥቁር ለብሳ፣ ወጥ ይዛ፣ ጎረቤት አስከትላ ለቅሶ ደረሰች። ሸዋዓለም በሩን ከፍታ ጥቁር የለበሱትን ስታይ መርዶ መሰላት፤ ማን ሞተ ብላ እንኳ አልጠየቀችም። አገር ቤት ያለቻት አንዲት እህት ናት።

«እማዬ፣ አልሞተችም» አለች ሰሊና። «ዋሽቼ ነው።»

ሁሉም የክለብ ማልያዋን አዩት።

«ወይ ጉድ!» አለች የነጃት እናት። «በሕይወት ላለች ሰው ነው ወጥ ይዤ የመጣሁት?»

ነጃትም ከለቀስተኞቹ መሃል ተቀምጣለች። የትምህርት ቤቱን ማልያ አላወለቀችም፤ ጉልበቷ ላይ ጭቃ ደርቋል።

ሸዋዓለም ግን አላመነችም። አዲስ አበባ ደወለች። የእህቷን ድምፅ ስትሰማ መናገር አቅቷት ስልኩን ለልጇ ሰጠች።

«የኔ ኳስ ተጫዋች!» አለች አክስትየው፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማ። «ዛሬስ አሸነፋችሁ?»

ሰሊና የለበሰችውን ማልያ ቁልቁል አየች።

«ተሸነፍን» አለች ነጃት ከኋላዋ።