የሃያ ስምንት ዓመት ሻንጣ

ማሙሸት ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ሲጎትተው ቤቱ አቧራ በአቧራ ሆነ። ቡናማ የቆዳ ሻንጣ ነው፤ ማዕዘኖቹ ናስ የተለበጡ፣ መቆለፊያው ሁለት፣ እጀታው ከአውራ ጣት የወፈረ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ከሰባተኛ ሰፈር ወጥቶ አያውቅም። የገዛው ራሱ ማሙሸት ነው፤ የሰው ትራፊ አይደለም። ይህን ሲናገር ድምፁ ሳያስበው ከፍ ይላል።

የማሙሸት ሥራ መርካቶ ውስጥ እቃ ማሰር ነው። ቦንዳ ይጠፍራል፣ ማዳበሪያ ይሰፋል፣ ካርቶን በሲባጎ ይጠረንፋል። እሱ ያሰረው እቃ ጅማ ይሂድ መቀሌ፣ ከመኪና ላይ ቢወረወር እንኳ አይፈታም። አንድን ነገር በእጁ ብድግ ካደረገ ኪሎውን ይናገራል፤ ከሚዛኑ ጋር ካልተስማማ ሰው ሚዛኑን ነው የሚጠረጥረው። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚጠራው «አሳሪው» እየተባለ ነው። እናቱ ስም እንዳላወጣችለት።

ሻንጣውን የገዛው ለሐጂ ኑሪ በሚሠራበት ዘመን ነው። ሐጂ ኑሪ ጨርቅ አስመጪ ነበሩ፤ ዱባይ ሲመላለሱ እቃቸውን የሚያስረው እሱ ነው። አንድ ቀን ገበያው ደርቶ፣ ሱቁ ሰው በሰው ሆኖ፣ ሐጂ ትከሻውን መታ መታ አደረጉና በሚቀጥለው ጉዞ አንተም አብረኸኝ በአየር ትሄዳለህ አሉት። ሱቅ ውስጥ የነበረ ሁሉ ሰማ። ማሙሸት በሳምንቱ አብነት ሰፈር ወርዶ፣ ከሻንጣ ሻጩ ጋር ግማሽ ቀን ተከራክሮ፣ ይህን ሻንጣ ገዛ። የሚቀጥለው ጉዞ መጣ። ሐጂ የሚስታቸውን ወንድም ይዘው ሄዱ። ማሙሸት እቃቸውን አስሮ፣ ጭኖ፣ አየር ማረፊያ ድረስ አደረሰና «አንተ እዚሁ መኪናዋ ጋ ቆይ» ተባለ። ቆየ። አውሮፕላኑ በራሱ ላይ ሲያልፍ ቀና ብሎ አላየውም።

ከዚያ ወዲህ የተደረገበትን ሁሉ አንድ በአንድ ያውቀዋል። የሐጂ ልጅ ፉርቃን ሲያገባ ከድንኳኑ ጀርባ፣ ከተሸካሚዎቹ ጋር መቀመጡን። ሚስቱ ሠርኬ ስትሞት ከሱቁ የመጣው ሰው ቁጭ እንኳ ሳይል፣ በቁሙ ነፍስ ይማር ብሎ መሄዱን። ማታ ማታ ጋደም ሲል እነዚህን ያመላልሳቸዋል፤ ሻንጣውም ከአልጋው ሥር አብሮት የሚያመላልስ ይመስለዋል። የሚጽናናበት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ሐጂ ኑሪ ረስተውት ነው። ሀብታም ሰው በደስታው ቀን ብዙ ይናገራል፣ በማግስቱ ይረሳዋል። የረሳህ ሰው ደግሞ የናቀህን ያህል አያምም።

አሁን ሐጂ ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗል። ሱቁን የያዘው ፉርቃን ነው። ባለፈው ወር ፉርቃን እሱ እቃ ከሚያስርበት ጥግ ድረስ መጥቶ ዱባይ አብሮት እንዲሄድ ጠየቀው። ቪዛውም ቲኬቱም በእኔ ነው፣ አምስት ቀን ቆይተን እንመለሳለን አለው። ማሙሸት ቶሎ አልመለሰለትም። ደስ ሳይለው ቀርቶ አይደለም፤ ደስታውን ሊያሳየው ስላልፈለገ ነው። ልጁ ጸሎት ያለችው ዱባይ ነው። ለሰው ቤት ሥራ ከሄደች ሰባት ዓመት ሞላት፤ እዚያው ባል አገኘች፣ ከሁለት ወር በፊት ደግሞ ወለደች። እናቷ ስትሞት መምጣት አልቻለችም። አባቷ ሊመጣ መሆኑን ስትሰማ በኢሞ ድምጿን ቀርጻ ላከችለት። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ስንቴ እንደሰማው እሱ ነው የሚያውቀው።

«አባዬ፣ ምንም እንዳታመጣ። የእማዬን ጋቢ ብቻ። እንዳታሳጥበው እሺ? ልጄን በሱ ልጠቅልለው።»

የጉዞውን ምሥጢር ያፈረጠለት ቶላ ነው፤ የሱቁ ተሸካሚ፣ የሃያ ዓመት ባልንጀራው፣ ሳይነካካው የማይውል። ሰው በአውሮፕላን ሲሄድ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይፈቀድለታል፤ አንዱ ሃያ ሦስት፣ ሌላውም ሃያ ሦስት ኪሎ። ነጋዴ ቲኬት ቆርጦ ሰው የሚያስከትለው ለዚያ ኪሎ ብሎ ነው። ሲሄዱ በርበሬና የሐበሻ ቀሚስ ይሞላበታል፣ ሲመለሱ ጫማና ስልክ። ለተጓዡ የምትተርፈው በእጁ የሚይዛት ሰባት ኪሎ ብቻ ናት።

«ፉርቃን ይዞ የሚሄደው አርባ ስድስት ኪሎ ነው» አለው ቶላ። «አንተ ማሸጊያው ነህ።»

ማሙሸት ሲባጎውን በጥርሱ በጠሰው። «አንተን ደግሞ ለማሸጊያነት እንኳ የጠየቀህ የለም» አለው። ቶላ ሳቀ። ማሙሸት ሌላ ሲባጎ መዘዘ። መሄዱን ግን ይሄዳል። ለፉርቃን ብሎ ሳይሆን ለጋቢው ብሎ።

የፉርቃንን ሁለት ሻንጣዎች ያሰረው ራሱ ነው። በርበሬውን በሦስት ላስቲክ ጠቅልሎ ጥግ ጥጉን አስያዘ፤ ቀሚሶቹን አጥብቆ እየጠቀለለ መሐል መሐሉን ሞላ። ሚዛኑን ያነበበው ፉርቃን ነው፤ አንዱም ሃያ ሦስት ኪሎ፣ ሌላውም ሃያ ሦስት ብሎ ወጣ። ሲያልቅ ሰዓደት፣ የፉርቃን ሚስት፣ በወፍራም እስክሪብቶ «ማሙሸት» ብላ ጻፈችባቸው። ስሙ እንዲህ ጎልቶ ተጽፎ ሲያይ የመጀመሪያው ነው፤ እሱም በሰው በርበሬ ላይ።

ከዚያ ተራው የራሱ ሆነ። ሰዓደት ከመደርደሪያው ላይ አንዲት ጥቁር የጨርቅ ሻንጣ አወረደች፤ አዲስ፣ ባለ ጎማ፣ ላባ የምትቀል። ፉርቃን ስጪው ብሎኛል አለችው። ማሙሸት አመስግኖ መለሰላት። የራሱ ሻንጣ እንዳለው፣ ይቺን ለቸገረው እንድትሰጥ ነገራት። ሰዓደት ትንሽ ቅር አላት እንጂ አልተከራከረችውም።

ሰባት ኪሎ ለእቃ አሳሪ ምን አላት። የሠርኬ ጋቢ ሁለት ኪሎ ከሩብ ነው። ለአራሷ ገንፎ የገብስ ዱቄት፣ ሁለት ኪሎ። የሕፃኑ ልብስ አንድ ኪሎ። በቀረው የራሱን ሱሪ፣ ሁለት ሸሚዝና አዲሱን ጫማ አደረገበት። ጫማውን የገዛው አማቹ ፊት አድርጎት ሊቀርብ ነው፤ የሚስቴ አባት ኩሊ ነው እንዳይል። እንደ ልማዱ ባዶውን ሻንጣ አስቀድሞ ሚዛን ላይ አወጣው፤ ሦስት ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም። ሞልቶት መልሶ አወጣው፤ አሥር ኪሎ ከስምንት መቶ። ሰዓደት ቁጥሩን አንብባ በአፏ ቀነሰች። መርካቶ ውስጥ በርበሬን ከነጆንያው መዝኖ የሚሸጥ የለም፤ ማሸጊያው ይቀነሳል፣ ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል።

«ድፍን ሰባት» አለች። «እጅዎ ይባረክ ጋሼ።»

አየር ማረፊያ የደረሱት ረፋዱ ላይ ነው። ማሙሸት ግራጫ ኮቱን ለብሷል፣ ጢሙን ተላጭቷል። ሻንጣውን ይዞ ወደ በሩ ሲሄድ ያን ጊዜ ቆይ የተባለበትን ቦታ በዓይኑ ፈለገው። ሁሉ ነገር ተለውጦ መለየት አቃተው፤ አለመለየቱ ራሱ አናደደው።

ውስጥ፣ ፉርቃን ትልልቆቹን ሻንጣዎች አንሥቶ ሚዛን ላይ አስቀመጣቸው። ሃያ ሦስት። ሃያ ሦስት። ከባንኮኒው ጀርባ ያለችው ልጅ ቅንድቧን ቀና አድርጋ ማን ነው እንዲህ ያሰረው አለች። ፉርቃን በአገጩ ወደ ማሙሸት እያመለከተ «የኔ ሰው ነው» አላት። የኔ ሰው። ማሙሸት ይህችንም ከሌሎቹ ጋር አስቀመጣት።

«የእጅዎን ሻንጣ ሚዛን ላይ ያውጡት አባት» አለች ልጅቷ። አወጣው። «አሥር ከስምንት መቶ ነው። የሚፈቀደው ሰባት ነው።»

«ሰባት ነው» አላት ማሙሸት ረጋ ብሎ። «ሻንጣው ራሱ ሦስት ከስምንት መቶ ነው። እሱን ቀንሺው።»

ልጅቷ የቀለደ መስሏት ነበር፤ ፊቱን ስታይ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባት፣ ከነሻንጣው ነው የሚመዘነው።»

«ከነማሸጊያው ማን ይመዝናል?»

ከኋላው የተሰለፈ ወጣት ሳቀ። አንዲት ሴትም ተከተለችው። የማሙሸት ጆሮው ጋለ። ሠላሳ ዓመት በኪሎ ተሳስቶ የማያውቅ ሰው፣ ሰው በሞላበት፣ በኪሎ ተሳሳተ ተባለ። ያውም በራሱ እቃ።

ፉርቃን ተጠግቶት በጆሮው ነገሩ ቀላል እንደሆነ ነገረው። ጋቢውንና ዱቄቱን እዚህ ይተዉት፣ ዱባይ ብርድ ልብስ ሞልቷል፣ እኔ ራሴ እገዛላታለሁ አለው። ከልቡ ነው ያለው። ይህ ነው የባሰው፤ ከልቡ መሆኑ።

ማሙሸት ሁለቱን ትልልቅ ሻንጣዎች አያቸው። ገና አልሄዱም። አራት ኪሎ በርበሬ ከየትኛው ጥግ እንደሚወጣ፣ ስንት ቋጠሮ እንደሚፈታ እሱ ያውቃል። ስማቸውም የሱ ነው። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ አራት ኪሎ ልቀቅልኝ ማለት። ፉርቃን እሺ ይለው ነበር፣ ምናልባት። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከዚያ ቤት አንዲት ነገር ለምኖ አያውቅም፤ የቀረችው ኩራት እሷ ናት። ቃሏ ከንፈሩ ደርሳ ተመለሰች። ልጅቷ አንዲት ነገር ስትጫን ሻንጣዎቹ በሚሄደው ላስቲክ ላይ ተንፏቀው፣ ስሙን በጀርባቸው ይዘው፣ ከመጋረጃው ወዲያ ገቡ።

ማሙሸት የራሱን አወረደ። ከሰልፉ ፈቀቅ ብሎ ወለሉ ላይ ተንበረከከና ሁለቱን መቆለፊያዎች ከፈተ። ኮቱን አወለቀ፣ ገበሩን ወደ ላይ አድርጎ ዘረጋው። በእጁ ሲያነሣው አንድ ኪሎ ከሩብ እንደሚሆን አውቆታል። ጋቢውን መሬት እንዳይነካው በጉልበቱ አሳርፎ፣ አጥፎ፣ መሐል ላይ አስቀመጠው። ዱቄቱን በግራ፣ የሕፃኑን ልብስ በቀኝ። ከራሱ ነገር የሚበቃው ሱሪው ብቻ ነው፤ ግማሽ ኪሎ። ሸሚዞቹንና አዲሱን ጫማ ሻንጣው ውስጥ ተዋቸው። እጅጌዎቹን አሻግሮ ቋጠረ፣ ከኪሱ ሲባጎ አወጣና በመስቀለኛ ጠፈረው። ሳቁ ቆሟል። ሰዎቹ እጁን ነበር የሚያዩት፤ እሱ ግን ማንንም አላየም።

«ሰባት» አለች ልጅቷ ጥቅልሉ ሚዛን ላይ ሲወጣ። ቆይታ ጨመረች፤ «ድፍን።»

ፉርቃን ይህን ሁሉ ጊዜ ባዶውን ሻንጣ ሲያይ ነበር። ጎንበስ ብሎ የናሱን ማዕዘን በጣቱ ነካው።

«ጋሼ ማሙሸት፣ ያ ሻንጣ ይሄ ነው እንዴ?»

«የቱ?»

«አባቴ የሚያወራልኝ። አብነት ሆነው ሲከራከሩ ከመኪና ውስጥ አይቶዎት ነበር። የታመመ ሰሞን ደጋግሞ ያነሣው ነበር፤ ‹ሻንጣ ገዝቶ ነበርኮ ሰውዬው› እያለ።»

ፉርቃን ፈገግ አለ። ደግ ነገር የተናገረ መስሎታል።

ማሙሸት ጥቅልሉን ከሚዛኑ አነሣ። ሐጂ አይተውታል። ግማሽ ቀን ሲከራከር አይተው፣ ገዝቶ እንደሚጠብቅ እያወቁ ነው መኪናዋ ጋ ቆይ ያሉት። አልረሱም። ሃያ ስምንት ዓመት የተደገፋት ግድግዳ ድንገት ከጀርባው የለችም። ጸጸት ይሆን? ይሆናል። ግን ከሱቃቸው በር እሱ እቃ እስከሚያስርበት ጥግ ሃምሳ እርምጃ አልሞላም፤ ሃያ አራት ዓመት በሕይወት ኖረው ያቺን መምጣት አቃታቸው። ለልጃቸው ነገሩት። ለባለ ሻንጣው አልነገሩትም።

«ያን ያህል ካወሩልህ» አለው በመጨረሻ፣ «አንተስ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልክ?»

 የፉርቃን ፊት ቀላ፤ ለአፍታ ያ ማሙሸት የሚያውቀው፣ ካርቶን ላይ እየተንጠላጠለ ይጫወት የነበረው ልጅ መሰለ። እጁን ወደ ጥቅልሉ ዘረጋ።

«ይስጡኝ፣ እኔ ልያዝልዎ።»

«ተወው» አለ ማሙሸት። «ይቺ የኔ ኪሎ ናት።»

ጥቂት እንደሄዱ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ከኋላቸው ተጣራች። የናስ ማዕዘን ያለው ሻንጣ መሐል ወለል ላይ እንደተከፈተ ነው፤ ውስጡ አዲስ ጫማ ይታያል። የማን ነው አለች። ፉርቃን ቆሞ ማሙሸትን አየው።

«የሐጂ ኑሪ ነው» አላት ማሙሸት ዘወር ብሎ፤ መንገዱንም ቀጠለ።

ጥቅልሉን መቼ ትከሻው ላይ እንዳወጣው አላወቀም፤ እጁ ለምዶት ነው። መስታወቱ ግድግዳ ጋ ሲደርስ ግን ራሱን አየ። ኮት የሌለው ሽማግሌ፣ በሸሚዝ፣ ሸክሙን በትከሻው ይዞ፣ ከፊቱ ነጋዴው እየቀደመው። እንዲህ ሆኖ ላለመታየት ነበር ሁሉም ነገር። ሊያወርደው እጁን አነሣ። በኮቱ ስፌት በኩል የሠርኬ ጋቢ ሽታ ከጆሮው ሥር መጣ። እጁን መለሰ፤ እንደተሸከመ ወደ መሳፈሪያው ገባ።