ድምፁን አጥፋልኝ

መኪናው ያለ ኮምፒውተር የቀረው ሰኞ ዕለት ነው። መካኒኩ ገርባ የድሮውን የሞተር ኮምፒውተር ከመሪው ፊት ካለው ክሩስኮት ሥር ነቅሎ፣ ገመዶቹን ቆርጦ ለአዲሱ አዘጋጃቸው። ረቡዕ ጠዋት የጋራዡ ዘበኛ ኦቦ ቦጂያ ደወሉልኝ። ከጋራዡ ጋር አጥር የሚጋራው የአንድ ባለሀብት መጋዘን ዛሬ እንደሚቃጠል የሰበታ ሰው ሁሉ እያወራ ነበር።

«መኪናሽን አውጪ ልጄ» አሉኝ። «መጋዘኑ ከተያያዘ ይኼ ቆርቆሮ አይተርፍም።»

ጊዜው የ2009 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ነው። የማስተር ፕላኑ ነገር ከተነሣ ጀምሮ ሲግልና ሲበርድ የኖረው ቁጣ ሰው ካለቀበት ከእሬቻው እሑድ በኋላ መያዣ አጥቶ ነበር። ከቡራዩ ሰበታ ለመድረስ ሦስት ታክሲ ቀያየርኩ። ዓለም ገና ላይ የተቃጠለ ጎማ አስፋልቱን አቅልጦታል፤ ወታደሮች በሁለቱም ዳር ቆመዋል፤ አንድም ባጃጅ አይታይም።

ሱባሩው የባሌ የመኮንን ነው። መኮንን ካለፈ ስምንት ወሩ ነበር፤ እንዴት እንዳለፈ እዚህ አልጽፍም። ለመኪና ውድድር ብሎ ሞተሩን አስፈትቶ ትልቅ ቱርቦ አስገጥሞለት ነበር። የፋብሪካው ኮምፒውተር ያንን ሞተር መምራት ስለማይችል ሌላ ከዱባይ አዘዘ። ዕቃው የደረሰው ከአርባው በኋላ ነው። ቁም ሣጥን ውስጥ ስድስት ወር አስቀምጬው፣ በመጨረሻ ለጓደኛው ለገርባ ወስጄ ሰጠሁት። መኪናው እሱ እንዳሰበው ሆኖ ሲሄድ ማየት ፈልጌ ነበር። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ጋራዡ ስደርስ ገርባ ቁልፍ ይዞ በሩን ሊዘጋ ቆሟል።

«አካም ቡልቴ፣ ኤልሳቤት። እንዲህ ባለ ቀን አስተማሪ ከቤት ይወጣል?»

«መኪናው ዛሬ መውጣት አለበት።»

«በምኑ ይውጣ? ጭንቅላቱ እኮ ጠረጴዛ ላይ ነው።»

«የሚጎትት መኪና ስለምን ነው ያረፈድኩት። ሁሉም ሰበታ አንገባም አሉ።»

«ጤነኞች ናቸው ማለት ነው» ብሎ ሳቀ። «እኔም ወደ ተፍኪ ልውጣ። መንገዱ ሳይዘጋ ቤቴ ልግባ። ነገ እንጨርሰዋለን።»

«ከተቃጠለስ?»

ቁልፉን እጁ ላይ አገላበጠው። ሂድ ብዬው ቢሆን ኖሮ ይሄድ ነበር። አላልኩትም። መኪናውን አየሁ፤ እሱም አየው፤ ከዚያ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ቱታውን ለበሰ።

እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ገመድ ከገመድ ሲያገናኝ፣ ሲበይድ ቆየ። አዲሱን ኮምፒውተር ቦታው ላይ አስሮ ላፕቶፑን ሰካበት።

«ኮምፒውተሩን የሸጠው የዱባዩ ሰው ፋይሉን ልኬልሃለሁ ብሎ ደውሎ ነበር» አለኝ። «ኢንተርኔት ደግሞ ተዘግቷል። ምን ያህል ቤንዚን እንደሚረጭ፣ እሳቱን መቼ እንደሚሰጥ ለሞተሩ የሚነግረው ያ ፋይል ነው።»

«ያለ እሱ አይሆንም?»

«ቁጥሮቹን በግምት እሞላቸዋለሁ። ማኬ ቢያየኝ በመፍቻ ነበር የሚለኝ።»

ማኬ የሚለው መኮንንን ነው። የተናገረውን ወዲያው አውቆ አንገቱን ደፋ። ግዴለም አልኩት።

ቁልፉን ሲያዞረው ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ተነሣ። ከዚያ ከጭስ ማውጫው ጧ አለ። ደግሞ ጧ፣ ጧ ጧ። የጣሪያው ቆርቆሮ ድምፁን እጥፍ አደረገው። በር ላይ ተቀምጠው የነበሩት ኦቦ ቦጂያ በደረታቸው መሬት ላይ ተኙ። ከውጭ የሱቅ መዝጊያ ሲወርድ፣ ሰው ሲሮጥ ይሰማ ነበር። ገርባ ሞተሩን አጠፋው።

«ያልነደደ ቤንዚን የጭስ ማውጫው ማርሚታ ውስጥ እየገባ ነው የሚፈነዳው» አለ። «ሞተሩን አይጎዳውም። እየተኮሰም ቢሆን ቡራዩ ያደርስሻል።»

«እየተኮሰ? በዚያ ሁሉ ወታደር መሀል?»

«እሱም አለ ለካ።»

«ድምፁን አጥፋልኝ ገርባ። ከዚያ ወዲያውኑ እወጣለሁ።»

አንድ ሰዓት ያህል ፈጀበት። ቁጥር ይቀይራል፣ ያስነሣል፣ ያዳምጣል፣ ያጠፋል። በያንዳንዱ ሙከራ መኪናው ጥቂት ይተኩሳል።

«ይኼ መኪና ነው ወይስ መትረየስ?» አሉ ኦቦ ቦጂያ፣ ሱሪያቸውን እያራገፉ። «ማንን ልትወጉ ነው?»

«እርስዎን፣ በሩን ሳይጠብቁ ስለተኙ» አላቸው ገርባ።

ተኩሱ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ሞተሩ አንድ ወጥ በሆነ ድምፅ መዞር ጀመረ። «አሁን ሰው ሆነ» ብሎ ገርባ ሞተሩን አጠፋው። ኮፈኑን ሳይዘጋ በሩ ተደበደበ።

ወታደሮቹ ስምንት ነበሩ። አዛዣቸው ተማሪዬ ሊሆን የሚችል ልጅ ነው፤ ዓይኖቹ በእንቅልፍ ማጣት ቀልተዋል።

«መሣሪያውን አምጡ» አለ።

«ምን መሣሪያ?» አልኩት።

«አንድ ሰዓት ሙሉ ከዚህ ግቢ ሲተኮስ ነበር።»

«መኪናው ነው ጌታዬ» አለ ገርባ። «ጭስ ማውጫው ነው።»

«የመሣሪያ ፈቃድ አለው?» አለ ከኋላ አንዱ ወታደር። ሁለቱ ሳቁ።

መታወቂያ ጠየቁን። የእኔን አዛዡ ወዲያው መለሰልኝ፤ የገርባን ግን ይዞት ቆየ። ሌሎቹ ግቢውን፣ የጎማውን ክምር፣ የኦቦ ቦጂያን ፍራሽ ሳይቀር በረበሩ። ምንም አላገኙም። አንዱ ወደ ክሩስኮቱ ሥር የሚገባውን ገመድ አየና ላፕቶፑን ከነገመዱ መንጭቆ አወጣው።

«ኢንተርኔት በተዘጋበት በዚህ በምን ስትገናኙ ነበር?»

ክፍል ውስጥ በምናገርበት ድምፅ ሁሉንም ከመጀመሪያው አስረዳሁት። አዛዡ እስክጨርስ አዳመጠኝ።

«እሺ» አለ። «አስነሡትና አሰሙኝ። ከተኮሰ እንሄዳለን።»

ገርባ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ተለውጧል። «አስተካክዬዋለሁ እኮ» አለው አዛዡን። «የድሮውን ቁጥር ልመልሰው። ላፕቶፑን አምስት ደቂቃ ብቻ ስጡኝ።»

«ላፕቶፑን ማንም አይነካም። አንቺ፣ ግቢና አስነሺ።»

የመኮንን ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ቁልፉን ሳዞረው ሞተሩ ሳያስል ወዲያው ተነሣ። ፔዳሉን የዙር ቆጣሪው ሦስት ሺህ እስኪደርስ ረግጬ ድንገት ለቀቅኩት። ድምፁ ከፍ አለና በሥርዓቱ ወረደ። እስከ አምስት ሺህ ረገጥኩ፤ ለቀቅኩ። ምንም የለም። በሁለት ወታደሮች መሀል የቆመው ገርባ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ሞተሩን ያዳምጥ ነበር፤ ለአፍታ ፊቱ ላይ ሥራው የሰመረለት ሰው እርካታ አየሁ። ከዚያ የት እንደቆመ ትዝ አለው።

«ጥሩ መኪና ነው» አለ አዛዡ፤ በእጁም ወደ ውጭ አመለከተ።

ገርባን በክንዱ ይዘው ወሰዱት። አልታገለም። በአጠገቤ ሲያልፍ የተናገረው በሞተሩ ድምፅ ተዋጠብኝ።

አንድ ጊዜ ቢተኩስ ይበቃ ነበር። እየረገጥኩ ለቀቅኩ፣ እየረገጥኩ ለቀቅኩ። መኮንን ሁለት ዓመት ሙሉ የደከመለት ሞተር እግሬን እየተከተለ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ እንከን አይወጣለትም። በመስታወቱ ውስጥ የወታደሮቹ መኪና በር ሲዘጋ አየሁ። በኃይል ረገጥኩት።

ኦቦ ቦጂያ በመስኮቱ እጃቸውን አስገብተው ትከሻዬን ያዙኝ።

«ይበቃል ልጄ» አሉኝ። «ሄደዋል። ከአጥሩ ማዶ ጭስ ወጥቷል፤ አንቺም ውጪ።»

እግሬን ከፔዳሉ ላይ አላነሣሁም።