የትል ዱቄት

ባሏ ሲሞት ሁለት የዓሣ ኩሬ ትቶላት ነበር። ዓሦቹን የምትመግበው ከደረቁ ትናንሽ ዓሦች በሚፈጭ ዱቄት ነበር፤ ዱቄቱ ከገበያ ሲጠፋባት ግን የዝንብ ትል ማርባት ጀመረች። ከአትክልት መሸጫ የለቀመችውን ትርፍራፊ ጓሮ ባለው ክፍል በሳፋ እየሞላች ትሎቹን ታሳድግ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሙቀት ፈጃቸው፤ ሁለተኛዎቹን ጉንዳን ጨረሳቸው። አብረዋት የሚኖሩት እናቷ ደግሞ «ከሰው ተራ ወጣን እኮ! እኔ በዚያ በር አላልፍም» ብለው መስኮታቸውን ዘጉ።

በሦስተኛው ተሳካላት። ትሎቹን አድርቃ ፈጨችና ከአኩሪ አተር ዱቄት ጋር ለውሳና ፈርፍራ አንደኛው ኩሬ ላይ በተነች። ዓሦቹ ጎረስ አድርገው ተፉት። ሦስት ቀን ሙሉ ወገቧ ቁርጥ እስኪል ፈጨች፤ ሦስት ቀን ሙሉ ተፉባት።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ውሃው በዓሦቹ ግፊያ ፈላ። አንዲት ፍርፋሪ አልተረፈችም። ኩሬው ዳር ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች። እናቷ በምርኩዝ እያዘገሙ መጡ።

«ምነው? ዛሬም እምቢ አሉ?»

«በሉ፣ እማዬ። ሙልጭ አድርገው በሉ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«ከበሉማ ነገም መፍጨት አለብኝ። ከነገ ወዲያም። ደክሞኛል።»

እናቷ ወደ ጓሮው ክፍል ገብተው ወንፊቱን ይዘው ወጡና በሻርፓቸው አፍንጫቸውን ሸፈኑ።

«እኔ እነፋለሁ፣ አንቺ ተኚ። ብቻ ስሙን እንዳትጠሪብኝ፤ ዱቄት ነው ብዬ ነው የምይዘው።»

ልጃቸው ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ወደቀች፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት።