የሙሽራው ኮፍያ

አርባ አንድ ዓመት ሙሉ በዚሁ የኢስታንቡል ሰፈር፣ በዚሁ ወንበር ፀጉር ሳስተካክል ኖሬያለሁ። እና የፀጉር ተከላ ክሊኒኮች በየመንገዱ እንደ እንጉዳይ ሲፈሉ እኔ ያልተናደድኩ ማን ይናደድ? ከየአገሩ የመጣው ወንድ ግንባሩን በጨርቅ አስሮ፣ አናቱ ቀይ በቀይ ነጠብጣብ ሆኖ በሱቄ ፊት ሲያልፍ እያየሁ «አላህ የነሳውን ሐኪም ሊሰጥ!» እል ነበር። እኔ ራሴ መላጣ ነኝ፤ ተናግሬ አላውቅም እንጂ ቅናትም ሳይኖርበት አይቀርም።

የሰፈራችንን ልጅ ታይላንን ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ፀጉሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሃያ ስድስት ሲሞላው ፀጉሩ ከፊት መሸሽ ጀመረ፤ ሠላሳ ሦስት ሲሆነው አናቱ ላይ የቀረው ለወሬ የማይበቃ ነበር። ያኔ ነው ያንን ጥቁር ዱቄት የገዛው። በቀሩት ስስ ፀጉሮች ላይ ሲነሰነስ ከሩቅ ላየው ፀጉር ይመስላል። ዱቄት የነሰነሰ ሰው ግን ዝናብ ጠላቱ ነው፤ ታይላን ደመና ካየ ከቤት አይወጣም። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ዝም ይለዋል። አያውቁም የተባሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እጮኛው ኔስሊሃንና እናቷ እትዬ ሙአላ። ከቡርሳ ከተማ መጥተው ከታይላን ቤት ፊት ለፊት ከገቡ ገና ሁለት ዓመታቸው ነው።

ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው፣ ሰኞ ጠዋት ሱቄን ገና ስከፍት ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ገባ።

«ጋሼ ኒዛም፣ በሩን ይዝጉት።»

ዘጋሁት። ኮፍያውን አወለቀ። አናቱ እንደ ሕፃን ጉንጭ ቀልቷል፤ እዚህም እዚያም አንዳንድ ፀጉር ቆሟል።

«አስተከልኩ» አለ፤ ድምፁ አይሰማም። «ከወር በፊት። ለኔስሊሃን ለሥራ ክፍለ ሀገር እሄዳለሁ ብዬ። የሥራ ባልደረባዬ በወሩ አዲስ ሰው ትሆናለህ ብሎኝ ነበር።»

«እና?»

«ከራሴ ኋላ ፀጉሬን አንድ በአንድ እያወጡ ከፊት ተከሉልኝ። ሙሉ ቀን ፈጀ፤ ከማደንዘዣው መርፌ በቀር ያመመኝ ነገር የለም። ሳምንት ሙሉ ቀና ብዬ ተኛሁ። ቅርፊቱ ሲለቅ ፀጉሬ ቆሞ አየሁት ጋሼ ኒዛም! መስታወት ፊት ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት ስታጠብ እጄ ላይ ቀረ። በማግስቱም። አሁን ይኸው።»

«ሌቦች!» ብዬ ጮህኩ። «አታለሉህ! እኔ ድሮም ብያለሁ!»

ልጁ ፊቱ አመድ መሰለ። ምላሴን በቆረጠው። ለማካካስ ያህል «ምንም ወረቀት አልሰጡህም?» አልኩት። ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። እጥፋቱ አዲስ ነው፤ ተከፍቶም አያውቅም። መነጽሬን አደረግሁና አነበብኩለት። የተተከለው ፀጉር ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ይረግፋል ይላል፤ አትደንግጡ፣ ሥሩ ቆዳው ውስጥ ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ወር መብቀል ይጀምራል። ሙሉ ውጤቱን ለማየት ዓመት ጠብቁ፤ የልጅነት ፀጉራችሁን ግን አትጠብቁ፣ ከኋላ የሚወሰደው ልክ አለው።

እኔ በወረቀት አላምንም። ልሳደብ አስቤ ክሊኒኩ ደወልኩ። አንዲት ነርስ አነሳች፤ እስክጨርስ ሰማችኝ።

«አባባ፣ መርገፉ ደንብ ነው። ይበቅላል።»

«ሠርጉ እኮ እሁድ ነው!»

«ውይ! ታዲያ ሠርግ እንዳለው ለምን አልነገረንም? ካገባህ በኋላ ና እንለው ነበር።»

ወደ ታይላን ዞርኩ። ወለሉን ያያል። ስልኩን ዘጋሁና «ሌቦች ያልኩትን አንስቻለሁ። ሌባ የለም፤ ያለኸው አንተ ሞኙ ብቻ ነህ» አልኩት።

«ዱቄቱንም እንዳልነካ ከልክለውኛል። በኮፍያ አገባለሁ።»

«ንገራት።»

«ትታኝ ብትሄድስ? ያንን ፀጉር አይታ ነው የወደደችኝ።»

«የቱን ፀጉር? ዱቄቱን?»

አልሳቀም። እንባው መጣ። ሠርጉ ቢፈርስ ይህ ልጅ እንደማይነሳ ያኔ ገባኝ፤ ፈራሁለት። «እስከ እሁድ ጊዜ አለህ» አልኩት።

እስከ እሁድ አልነገራትም።

እሁድ ረፋዱ ላይ ወንበሬን ከታይላን ቤት ደጃፍ መንገዱ መሃል አወጣሁ። ከበሮውና ዙርና የሚሉት መለከት ይጮኻል፣ ጓደኞቹ ተያይዘው ይጨፍራሉ። ሙሽራውን ፂሙን መላጨት የእኔ ሥራ ነው። ከማዶ በረንዳው ላይ ኔስሊሃንና እናቷ ቆመው ያያሉ። ታይላን ልብሰ ሠርጉን ለብሶ፣ ኮፍያውን ደፍቶ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ያንን ኮፍያ ያያል፤ የሚጠይቅ ግን የለም።

ወጋችን እንዲህ ነው፤ የፂሙን ግማሽ ላጭቼ እቆምና «ምላጩ አልቆርጥ አለ!» እላለሁ። ጓደኞቹ ኪሴ ውስጥ ብር ሲከቱ ምላጩ ይሳላል። ግራ ጉንጩን ጨረስኩና ቆምኩ።

«ምላጩ አልቆርጥ አለ!»

እየሳቁ ከተቱልኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ጨመሩ። ነቀነቅሁ።

«ኧረ ምን ፈልገው ነው?» አለ አንዱ።

«ኮፍያውን።»

ከበሮው ጸጥ አለ። ታይላን በአረፋው ሥር «ገደሉኝ፣ ጋሼ ኒዛም» አለኝ። ማን ሰጠኝ ይህን ሥልጣን? እሺ፣ በቃ ልጨርስልህ ልለው አፌን ስከፍት እሱ ቀና ብሎ በረንዳውን አየ። ከዚያ በገዛ እጁ ኮፍያውን አወለቀና ጉልበቱ ላይ አኖረው።

ኔስሊሃን አፏን በእጇ ያዘች።

«አልሀምዱሊላህ!» አለች እትዬ ሙአላ፣ ከበረንዳው ዘንበል ብላ። «ተገላገልን! አንተ ልጅ፣ በዚያ ዱቄትህ የተነሳ የሶፋዬን ዳንቴል አሥራ አንድ ጊዜ አጥቤያለሁ! መጥተህ ደገፍ ባልክ ቁጥር የራስህ ቅርጽ ታትሞ ይቀራል! እንደምናውቅ ንገሪው ስላት ይቺ ልጅ እምቢ አለችኝ!»

«ራሱ ይንገረኝ ብዬ ነዋ!» አለች ኔስሊሃን። ትስቃለች፣ እንባዋም ይወርዳል። «ሁለት ዓመት ሙሉ ጠበቅሁህ እኮ!»

«ተተክሏል!» ብሎ ጮኸ ታይላን፣ ግማሽ ፊቱ አረፋ ሆኖ። «ሥሩ አለ! ይበቅላል!»

«ይብቀል አይብቀል ምን ቸገረኝ?»

«ይብቀል እንጂ!» አለች እናቷ። «ዳንቴል ማጠብ ሰልችቶኛል!»

ሰው በሳቅ ፈነዳ። ከበሮው ተነሳ፣ ምላጬም ቆረጠ።

በአራተኛው ወር ታይላን መጥቶ ተቀመጠ፣ መብራቱን አቀረብኩ። ግንባሩ ላይ እንደ ድመት ግልገል ፀጉር የሳሳ፣ ጠምዘዝ ያለ ነገር ብቅ ብሏል። ይቁረጡልኝ አለኝ፤ ምኑን ልቁረጥልህ ብዬ መለስኩት። በዘጠነኛው ወር ግን መቀስ አነሳሁ። አናቱ መሃል አሁንም ሳሳ ይላል፤ እንደ ልጅነቱ አይደለም። ነገር ግን በጣቶቼ መካከል ሲያልፍ ተሰማኝ። ፀጉር ነው። ክሊኒክ መስደብ ከዚያ ወዲህ ቀንሻለሁ።

ዓመት አልፎ በረመዳን ጾም ፍቺ በዓል እትዬ ሙአላ ቤት ተጠራሁ። ውጭ ዝናቡ ያወርደዋል። ታይላን ያለ ጃንጥላ፣ ፀጉሩ ውኃ እያንጠባጠበ ገባና ሶፋው ላይ ዘፍ አለ፤ ራሱንም ነጩ ዳንቴል ላይ ጣል አደረገ። እትዬ ሙአላ ጣፋጩን ባቅላቫ አስቀምጣ ከራሱ ጀርባ ያለውን ዳንቴል ሳብ አድርጋ አየችው። ረጥቧል እንጂ ነጭ ነው።

ወደ ጓዳ ገብታ በወረቀት የተጠቀለለ ሌላ ዳንቴል ይዛ መጣች። ዘረጋችው። መሃሉ ላይ ድፍን ጥቁር የራስ ቅርጽ አለ።

«አሥራ አንድ ጊዜ ያጠብኩት ያኛውን ነው» አለችው። «ይሄ የመጀመሪያ ቀን መጥተህ የተደገፍክበት ነው። እሱን አላጠብኩትም።»

«ለምን፣ እማዬ?» አለ ታይላን፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ።

«የዚያን ቀን ከወጣህ በኋላ ይሄን ለኔስሊሃን አሳየኋት። ‹እኛ ፊት ለመቅረብ ይህን ያህል የተጨነቀ ልጅ ነው፤ እሺ በይው› አልኳት።»