ቡሬ የወደቀ ዕለት

ቡሬ ሲወድቅ ድምፅ አላሰማም፤ ትንሽ ጭስ ተፋና ዝም አለ። የጮኸው ቢሮው ነው።

«ማሳ ጠፋ! ኧረ ማሳ ጠፋ!»

ፀገነት ግን ልቧ በደስታ ዘለለ። ሁለት ዓመት የጠበቀችው ቀን መጣ።

ቡሬና ዳለቻ ወረታ ባለው የጎርፍ ማሳ መረጃ ጣቢያ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰርቨሮች ናቸው። አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ ትቷቸው ሄደ። ከአዲስ አበባ የተቀጠረችው ፀገነት የበሬ ስም አወጣችላቸው፤ የሚጎትቱት ዲስክ አንድ ስለሆነ የጋራ ስማቸውን «ጥማድ» አለችው። አንዱ ቢወድቅ ሌላው ዲስኩን ተረክቦ ሥራው ይቀጥላል፤ ሁለት ዓመት የጠበቀችው ይህን በዓይኗ ለማየት ነበር። ሕጓ አንድ ብቻ ነበር፦ የጋራ ፎልደር ሁሉ በጥማድ ስም ይከፈት።

ይህን ሕግ የሻረው ግምገማ ነው። ኃላፊው አቶ መንግሥቴ በሰኔው ግምገማ ተነሥተው፣ የመሬት ካርታ ያለበትን «ማሳ» የተባለ ፎልደር ለሦስት ቀያሾች ብቻ ማስነካቷ ሥልጣን ማከማቸት ነው አሉ። እጅ ወጣ፣ ተቆጠረ፣ አለቀ። ሰርቨር በእጅ ብልጫ አይመራም ያለች እሷ ብቻ ነበረች፤ እሷ ደግሞ ተገምጋሚ ናት! የይለፍ ቃሏን ወሰዱባትና ማሳን በገዛ እጃቸው እንደገና ከፈቱት፤ ለሁሉም ሰው፣ ያውም በጥማድ ሳይሆን በቡሬ ላይ። «ነገር ባለቤት ሲኖረው ነው የሚያምር» ብለው።

አሁን ጥቅምት ገብቷል፤ ውኃው ከፎገራ ሜዳ ሸሽቷል። በር ላይ ያለው አግዳሚ ላይ እማማ ይርገዱ ኩታቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። የድንበር ድንጋያቸውን ደለል ውጦታል፤ ጎረቤታቸው ቻላቸው ነገ ሽምብራ ሊዘራ በሬ ይጠምዳል። ካርታ ከሌለ ምስክር ያለው ይረታል፤ የይርገዱ ምስክሮች ሁሉ ሞተዋል። የቀያሾቹ መኪና ደጅ ላይ ሞተሯን አስነሥታለች፤ ዛሬ ካርታውን ሳትይዝ ከሄደች የምትመለሰው በሳምንቱ ነው።

«አስቸኳይ ስብሰባ እንጥራ» አሉ አቶ መንግሥቴ።

«ለምኑ? ለቡሬ ተዝካር?»

«ፀገነት፣ ሥነ ሥርዓት!»

«ይኸው ይዩ! ዲስኩን ዳለቻ በአርባ ሰከንድ ተረከበው። የደብዳቤው ፎልደር ይከፈታል፣ የዘሩ ይከፈታል፣ ሁሉም ይከፈታል። የሌለው ማሳ ብቻ ነው።»

«ጠፋ ማለት ነዋ!»

«ካርታው እዚያው ዲስኩ ላይ ነው፤ የጠፋው በሩ ነው። በሩን ቡሬ ላይ የሠሩት እርስዎ ነዎት፤ ቡሬ በሩን ይዞ ወደቀ። የይለፍ ቃሉን ይስጡኝና በጥማድ ስም ልክፈተው።»

«በቃለ ጉባኤ የተወሰደ በቃለ ጉባኤ ነው የሚመለስ።»

እማማ ይርገዱ ከአግዳሚው ተነሡ።

«አንቱ ሰውየ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ግን ይኸ ይገባኛል። ማሳውን ለጥማዱ ይሰጡታል እንጂ ለአንዱ በሬ ይሰጡታል? በሬው ሲሞት መሬቱ ጦም ይደር?»

ከአንዱ ቀያሽ ሳቅ አመለጠው። ደጅ መኪናዋ ጥሩምባ ነፋች። አቶ መንግሥቴ ግራ ቀኝ አዩ፤ እጅ የሚያወጣላቸው የለም። ጎንበስ አሉና የይለፍ ቃሉን ለፀገነት በሹክሹክታ ነገሯት።

«ምን አሉ? አልሰማሁም!»

«ልማት አንድ! ልማት አንድ ነው ያልሁ!»

ቢሮው በሳቅ ተናወጠ። ፀገነት አልሳቀችም፤ ጣቶቿ እየሮጡ ነው። ማሳን በጥማድ ስም ከፈተችው። ፈቃዱን አስተካከለች፦ ቀያሾቹ ይጻፉ፣ ሌላው ሁሉ ያንብብ። «ሌላው ሁሉ» ውስጥ አቶ መንግሥቴም ነበሩ፤ ያንን ስታደርግ ብቻ ፈገግ አለች።

ፎልደሩ ብቅ አለ። ማተሚያው አጓራ። እማማ ይርገዱ ገና ትኩስ የሆነውን ወረቀት ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ ከሾፌሩ ጎን ጉብ አሉ።

ቀኑ ሲጋመስ ስልኳ ጮኸ። የአንዱ ቀያሽ ስልክ ነው፤ ድምፁ ግን የይርገዱ ነው፣ ከነንፋሱ።

«ልጄ! ድንጋዩን አገኘነው! ክንድ ሙሉ ደለል ሥር፣ ልክ ወረቀቱ ካሳየው ቦታ! ቻላቸው ራሱ ነው የቆፈረ!»

ፀገነት ወንበሯን ገፍታ ተነሣች። ከፊቷ አቶ መንግሥቴ ቃለ ጉባኤ እየጻፉ ነው፤ «በአመራሩ ቆራጥ ርብርብ» የምትለው ላይ ደርሰዋል። ልትቆጣ አፏን ከፈተች።

«ልጄ፣ አለሽ? ያ የቀረው በሬ፣ ማን ነበር ያልሽው?»

«ዳለቻ፣ እማማ።»

«ብቻውን እንዳታስጎትቱት! አጣማጁን ቶሎ ፈልጉለት!»

«ሰሙ?» አለች ፀገነት፣ ስልኩን ወደ አቶ መንግሥቴ ጆሮ አስጠግታ። «እሱን ይጻፉ።»