አንድ ዩሮ ከአርባ አንድ

ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ፦ ሐሙስ ዕለት ኸሚስ አደም ከሥራ ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ሶፋው ላይ ተቀመጠ።

ሮተርዳም ደቡብ ውስጥ ይህን በየቀኑ የሚያደርግ ሰው ሞልቷል። ኸሚስ የተለየው ከተቀመጠ በኋላ ስልኩን ከፍቶ የክሬዲት ካርዱን ሂሳብ በማየቱ ነው። ለምን እንዳየው ራሱም አያውቅም። ካርዱን እንደሆነ ተጠቅሞበት አያውቅም ማለት ይቻላል። ቭላርዲንገን መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ለሚነዳ ሰው ክሬዲት ካርድ ምን ያደርግለታል? ያወጣው አምና ከሚስቱ ከሙሂባ ጋር ደሴ ሲሄዱ ለቪዛና ለአውሮፕላን ቲኬት ነበር። ከዚያ ወዲህ ካርዱ መሳቢያ ውስጥ፣ ካለቁ ባትሪዎች ጋር ተኝቷል። የተኛ ካርድ ደግሞ ምንም አይበላም ብሎ ነበር የሚያምነው።

በልቷል። «ሬንተ፣ አንድ ዩሮ ከአርባ አንድ» ይላል። ወደ ላይ ገፋው። ያለፈውም ወር ሬንተ። ከዚያ በፊቱም ሬንተ።

ሬንተ በሆላንድኛ ወለድ ማለት ነው። ይህን ቃል ከኸሚስ የበለጠ አጥርቶ የሚጠራ የወሎ ሰው ሮተርዳም ውስጥ አልነበረም። ምክንያቱም ከረመዳን በፊት ሳዲቅ የሚባል ወጣት የኸሚስን ልጅ ኑስራን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ ነበር። ሳዲቅ ሰላቱን የማያሳልፍ፣ ዛንዳም ከተማ የኮኮዋ መጋዘን የሚሠራ፣ ታላቅ ሲያይ ከመቀመጫው የሚነሳ ልጅ ነው። ጥፋቱ አንድ ነው፤ ዛንዳም ላይ ከባንክ ተበድሮ ቤት ገዝቷል። ኸሚስ ያኔ ሽማግሌዎቹን ሻይ አጠጥቶ፣ «ልጄ በሬንተ ጣሪያ ሥር አታድርም» ብሎ ሸኛቸው። ንግግሩ ከእሱ ቀድሞ ዴንሃግ ደረሰ። አምስተርዳም ኖርድ ከጁምዓ በኋላ ሰዎች እየተቀባበሉ አወሩት። ኸሚስም ይህን ሲሰማ ያልሰማ መሰለ፤ ግን እንዲደግሙለት፣ «ማን ነው ያለው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር።

አሁን እነዚያው ሽማግሌዎች እሁድ ተመልሰው ይመጣሉ። ነርስ የሆነችው ኑስራ ደግሞ ከቀናት በፊት ቁርጡን ነግራዋለች።

«አባ፣ ዘንድሮ ሁለተኛ እምቢ ካልክ ሦስተኛ የሚመጣ ሰው የለም። እኔ ግን ዛንዳም እሄዳለሁ። በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ላንተ ነው ሩቅ የሚሆነው።»

ይህን ያለችው ሳትቆጣ ነበር። ያስፈራውም ያ ነው። ብትቆጣ ያባብላት ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣» አለች ሙሂባ ከማድ ቤት ብቅ ብላ፣ «ስልኩ ላይ ሰው ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ፊትህ ለምን ለቅሶ ተቀመጠ?»

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት፣ ከመጋዘኑ ጀርባ እንደ ቆብ ከተደፋበት የሥራ ባርኔጣ ሥር ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወደ ካርዱ ድርጅት ደወለ። ድምፅዋ ለስለስ ያለ ሴት አነሳች።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ሲመዘገቡ በየወሩ ትንሽ ትንሽ መክፈልን መርጠዋል።»

አስታወሰ። ፎርሙን የሞላ ቀን ኑስራን አልጠራም፤ ሁሉን ነገር ልጅ እያስነበበ የሚኖር ሰው መባል አልፈለገም። ፎርሙ «አንዴ ነው የሚከፍሉት ወይስ በየወሩ ከፋፍለው?» ይላል። ኸሚስ በዕድሜው በየወሩ ትንሽ ትንሽ የከፈለው ዕቁብ ነው። ዕቁብ ላይ ደግሞ ማንም በላዩ ጨምር ብሎት አያውቅም። ስለዚህ ድርጅቱን በሆዱ እያመሰገነ፣ «ከፋፍዬ» የሚለውን ነካ። ከዚያ በኋላ በየወሩ ከሂሳቡ ገንዘብ ሲወጣ ዕዳው ብቻ እየተከፈለ መስሎት ኖሯል።

«የቀረውን ሁሉ አሁን ልክፈል።»

ከፈለ። ሴትዮዋ አመሰገነችው።

«አሁን ሬንተውን አጥፊልኝ።»

«ከእንግዲህ አይኖርም፣ ጌታዬ።»

«ያለፈውን ነው የምልሽ።»

«ገንዘቡ እንዲመለስልዎ ነው?»

«ገንዘቡን ውሰጂው! እኔ የምልሽ፣ መክፈሌን አጥፊልኝ ነው።»

 ሴትዮዋ እንደማዘን ብላ፣ «ጌታዬ፣ እሱ እኮ ሆኗል» አለችው።

ቅዳሜ ለሙሂባ ሊነግራት አፉን በከፈተ ቁጥር የሚወጣው ሌላ ነገር ነበር። አንዴ ስለ ጨው ጠየቃት። አንዴ ስለ እናቷ ጤና። የሰው መሳቂያ መሆንን ፈርቷል፤ ግን ከዚያ የባሰ የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። ወለድ የነካው ሰው ዱዓ ወደ ላይ አይወጣም ሲባል ሰምቶ ነው ያደገው። ልጁ ስትዳር ደግሞ የሚመርቃት ማን ሊሆን ነው?

እሁድ ከከሰዓቱ የአስር ሰላት በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሐጂ እንድሪስ ከዴንሃግ፣ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፤ እሳቸው ገና ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ቤቱ ጸጥ ይላል። ጋሽ ይማም ከአምስተርዳም ኖርድ፤ በመኪናቸው ዕቃ የሚያመላልሱ፣ ሰው ሲናገር መጨረሻውን ቃል የሚደግሙ። ኑስራ ሻይ አቀረበች። ወጉ አቅርባ እንድትወጣ ነበር። ተቀመጠች።

«ኸሚስ፣» አሉ ሐጂ፣ «ያኔ ያልከው ሐቅ ነው። ወለድ እሳት ነው።»

«እሳት» አሉ ጋሽ ይማም።

«ልጁም አልካደም። ግን በዚህ አገር የኪራይ ቤት ወረፋ…»

«ወረፋ አይደለም፣ ዕድሜ ነው» አሉ ጋሽ ይማም።

«እና ችግሩን አይተህ፣ ልብህን ብታራራ።»

ኸሚስ እሺ ማለት ፈለገ። ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር። ግን ያን ያህል የፎከረ ሰው እንዲሁ በቀላሉ እሺ ካለ፣ «ምን አገኘው?» መባሉ አይቀርም። ስለዚህ ጮኸ።

«ወለድ ትንሽ ትልቅ የለውም! አንድ ዩሮ ከአርባም ቢሆን ያው ነው!»

«አርባዋ ከየት መጣች?» አሉ ጋሽ ይማም።

«ለምሳሌ ነው።»

ኑስራ ቀና ብላ አየችው።  ልጁ ብርጭቆዋን አስቀምጣ፣ በሆላንድኛ፣ «አዎ ወይስ አይ?» አለችው።

ሰዉ ሁሉ ጠበቀ። ማድ ቤት ውስጥ ሲፈስ የነበረው ውሃ እንኳ ተዘጋ።

«እሺ» አለ ኸሚስ።

ጋሽ ይማም፣ «እሺ!» ብለው ጭናቸውን መቱ።

«ግን ዱዓው…» አለ ኸሚስ፣ ቃላቱን እንደሚሰባበር ዕቃ እያነሳ፣ «ወጉ የአባት ነው። አውቃለሁ። ነገሩ የወለድ ነገር ስለሆነ ግን ወለድ ነክቶት የማያውቅ አፍ ያድርግላት። እርስዎ እያሉ፣ ሐጂ፣ እኔ ምን ቆርጦኝ።»

ሐጂ እንድሪስ ዱዓ ሲያልፋቸው ታይቶ አያውቅም። ባለፈው ሮተርዳም አንድ ሕፃን ሲገረዝ ዱዓቸው እስኪያልቅ ምግቡ ቀዝቅዞ እንደገና ሞቋል። አሁን ግን የሻያቸውን ዝቃጭ ትኩር ብለው አዩት።

«እኔማ ዛሬ ጉሮሮዬ…» አሉ፣ ገብተው እስካሁን ሲናገሩበት በቆዩበት ጉሮሮ። «ይማም ያድርግ።»

ጋሽ ይማም በየወሩ የሚከፍሉባትን አዲሷን ነጭ መኪናቸውን በመስኮቱ ቁልቁል አዩዋት። «ሐጂ እያሉ? ነውር ነው። ደሞ መንገዱ አድክሞኛል። አባት ያድርግ።»

«እንግዳ እያለ?» አለ ኸሚስ።

«ኧረ አባት ነው።»

«ኧረ ታላቅ ነው።»

«ኧረ በአላህ፣ አታስጨንቁኝ!» አሉ ሐጂ።

በዚህ ሁሉ መሐል ማንም እምቢተኛ እንዳይመስል ሦስቱም እጃቸውን ዘርግተው ነበር። ንግግሩ ሲያልቅ እጆቹ እንደተዘረጉ ቀሩ። የሚያወርድ የለም፤ የሚጀምርም የለም። ኑስራ የአባቷን መዳፍ አየች። ቀጥላ የሐጂን። ቀጥላ የጋሽ ይማምን። ዓይኗ ሲደርስባቸው እያንዳንዳቸው ምንጣፉን ያዩ ጀመር።

ሙሂባ ከማድ ቤት ወጣች። እጇን በፎጣ አደራርቃ፣ እንደ አገሯ ዱበርቲዎች፣ ዱዓ እንደሚቀመጡት ሴቶች፣ በሩ ሥር ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። ማንንም አላስፈቀደችም። መዳፏን ዘረጋች።

«ያ ረቢ፣ እነዚህን ልጆች አንተው ያዝልን። ቤታቸውን የሰላም አድርግላቸው። የኛንም፣ አንተ የምታውቀውን፣ ሸፍንልን።»

ሦስቱም ፊታቸውን ወደ መዳፋቸው ደፉ። ከሁሉ ጮኸው «አሚን» ያሉት ሐጂ እንድሪስ ነበሩ፤ ጉሮሯቸው የዳነ ይመስላል።